የአሮጌ ቮልስዋገን ሽቦ ሲቀየር

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ዓይን በሚያርፍበት ላይ ነው፦ ላሜራው፣ ቀለሙ፣ የወንበሩ ልብስ። የሽቦው ተራ ሲደርስ ኪሱም ትዕግሥቱም አልቋል። «መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሌላ ምን ቀረ?» ይባልና ሃምሳ ዓመት ያገለገለው ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አዲስ ቀለም በተቀባ አካል ውስጥ ተመልሶ ይገባል። በእኔ እምነት ከዚህ የከፋ ቁጠባ የለም። በኋላ ሽቦው ሲያስቸግር የሚፈታው ያው የተለፋበት ጌጥ ነው።

የምናወራው ስለ ክቧ ቮልስዋገን ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ትታያለች። ታሪክም አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስዋገን ነበር። ለዕድሳት የምትወደደው አሠራሯ ቀላል፣ መለዋወጫዋም እስካሁን የሚሠራላት በመሆኑ ነው። የሽቦ ጥቅሏ እንኳ እንደ ዘመኗ ተለይቶ፣ በልኩ ተቆርጦና ጫፉ ተገጥሞለት ውጭ አገር ይሸጣል። ሲታዘዝ የሚጠየቀው የሻሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሀል ላይ ተመትቶ ይገኛል።

ሞተሯ ከኋላ፣ የፊውዝ ሳጥኗ፣ ክላክሷና የነዳጅ ታንከሯ ከፊት፣ ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው። ስለዚህ ኮረንቲው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቁልፉ ጋ ደርሶ ለቦቢናው እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን የሚያመላልሰው ዋናው ጥቅል በግራ በኩል በአካሉ ክፍተት ውስጥ ተሰውሮ ያልፋል። ሥራው መሠራት ያለበትም ቀለም ካለቀ በኋላ፣ የጣሪያ ልብስና ምንጣፍ ከመግባታቸው በፊት ነው።  

ሽቦ ለምን ያረጃል? ፕላስቲክ ልባሱን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በሙቀት ብዛት ከውስጡ እየወጣ ያልቃል። ሞተሩ አካባቢ ያለውን አሮጌ ሽቦ በሁለት ጣት ብታጥፉት እንደ ደረቅ ማካሮኒ ቀጭ ይላል። መዳቡ ደግሞ እርጥበት ባገኘው ቦታ እየጠቆረና እየዛገ ልባሱ ሥር ለሥር ይዘልቃል፤ ጫፉን ቆርጦ አዲስ መያዣ መግጠም የማያዋጣውም ለዚህ ነው። የሰው እጅም ያንሳል አይባልም። ሬዲዮ የገጠመ፣ አላርም ያስገባ፣ ፓውዛ የጨመረ ሁሉ አንድ ቦታ ልጦ ጠምዝዞ ሄዷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አደገኛ ነገር ደግሞ አለ፦ ሁሉም መስመር ፊውዝ የለውም። ከባትሪ ወደ ፊት የሚመጣው ወፍራሙ ቀይ ሽቦና ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ጥቁሩ በፋብሪካው አሠራር ያለ ፊውዝ ነው የሚሄዱት። ከነዚህ አንዱ ልባሱ ተልጦ ቆርቆሮ ከነካ የሚቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ያለችው ጎሚኒ አዲስ መሆን አለባት የሚባለው ለማማር አይደለም። የባትሪው መሸፈኛም እንዲሁ፤ ከሌለ የኋላ ወንበሩ ሞላ ከተሳፋሪው ክብደት ጋር ወርዶ የባትሪውን ራስ ሊነካ ይችላል፤ ወንበሩ የሚነደው ከዚያ ነው።

የጀርመን መኪና ሽቦ ቋንቋውን ላወቀ ሰው ግልጽ ነው። ቡናማ ነጌቲቭ ነው። ቀይ ቁልፍ ሳይጠብቅ ሁልጊዜ ኮረንቲ አለው፤ ቁጥሩም 30 ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣው 15 ነው። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው 50፣ ነጌቲቩ 31። ነጭ ረጅሙ መብራት፣ ቢጫ አጭሩ፣ ጥቁርና ነጭ የግራ ፍሬቻ፣ ጥቁርና አረንጓዴ የቀኝ። እነዚህ ቁጥሮች በየመያዣው ጥርስ አጠገብ ተጽፈው ስለሚገኙ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን መኪናዋን ዓይቷት ባያውቅም ያነባታል። ሽቦ በጥቅል ገዝቶ እዚሁ ለማሠራት የሚያስብ ካለ አንድ ቀለም ብቻ እንዳይገዛ እለምናለሁ። ለቀጣዩ ጠጋኝ ከዚህ የከፋ ስጦታ የለም። አንድ ወጥ የሆነው የቤት ሽቦማ ጨርሶ አይነሳ፤ በመኪና ንዝረት ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል።

የቮልቱም ነገር አለ። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ ቮልስዋገን ባለ 6 ቮልት ነበረች፤ ከ1967 ሞዴል ወዲህ አብዛኞቹ 12 ሆኑ። ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ሲጠይቁ በ6 ቮልት 15 ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የ6 ቮልቷ ሽቦ ወፈር ያለ ነው። የእሷን ጥቅል ለ12 መጠቀም ይቻላል፤ የ12ቱን ቀጭን ለ6 መግጠም ግን መብራቱን ማደብዘዝ፣ ሽቦውን ማሞቅ ነው።

አወጣጡ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ባትሪው ይፈታል፣ ነጌቲቩ ቀድሞ። እያንዳንዱ ጫፍ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሳል፤ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍበትና የየት እንደሆነ ይጻፍበታል። ከዚያ አሮጌው ጥቅል ዝም ብሎ አይጎተትም። ጭራው ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይታሰርና አብሮ እንዲገባ ይደረጋል፤ አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው በክፍተቱ ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ በእሱ ይሳባል። አንዱ ከፊት እየሳበ ሌላው ከኋላ ታልክ ፓውደር እየነሰነሰ በቀስታ መግፋት አለበት። ያዝ ካደረገ ማቆም ነው። በጉልበት የተሳበ ጥቅል የሆነ ቦታ ተልጦ ይገባል፤ የት እንደሆነም አይታወቅም።

እስካሁን ያለው ግን የሥራው ግማሽ ነው። የመኪና ሽቦ የሚያደርሰው መሄጃውን ብቻ ነው፤ ኮረንቲው ወደ ባትሪ የሚመለሰው በቆርቆሮው ነው። ቡናማዎቹ አጫጭር ሽቦዎች አካሉ ላይ በብሎን የሚታሰሩትም ለዚህ ነው። አዲስ የታደሰ መኪና ደግሞ ቆርቆሮውን ሁሉ ቀለም አልብሷል፤ ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ከአሮጌዋ ይልቅ አዲስ የተቀባችው በመብራት የምታብደው ወዲህ ነው። ፍሬን ሲያዝ የማርሽያ መብራቶች ፈዘዝ ብለው ቢበሩ፣ ፍሬቻው ሲመታ ሌላው አብሮ ቢርገበገብ አዲሱን ጥቅል አትጠርጥሩ። የኋላ መብራቱ ነጌቲቭ ጠፍቶበት ኮረንቲው በአጠገቡ ባለው አምፖል ክር ዞሮ ሌላ መውጫ እየፈለገ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ብሎኑ በሚያርፍበት ልክ ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት መፋቅ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ማስገባት፣ ማጥበቅ፣ ከዚያ ዝገት እንዳይገባ ላዩን ቫዝሊን መቀባት። አዲስ ቀለም መፋቅ ባለቤቱን ቢያሳምመውም ሌላ መንገድ የለም። አንዷ ደግሞ ፈጽሞ መረሳት የሌለባት የካምቢዮው ጠፍጣፋ ሽሩባ ገመድ ናት። ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው እሷ ናት። ከሌለች የሞተሪኖው ከባድ ኮረንቲ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ መስጫ ገመድ በኩል ይመለሳል፤ ገመዱ ይግላል፣ ይጎዳልም። ፍሪሲዮን ገመድ እየበጠሰች ያስመረረች መኪና ካለች መጀመሪያ እዚያ ማየት ነው።

ኮረንቲ ሲለቀቅም ባትሪው በቀጥታ አይታሰርም። በነጌቲቩ ራስና በገመዱ መካከል አንድ ተራ አምፖል ይገባል። በሮቹ ተዘግተው፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ያኔ የሚበራው አምፖሉ እንጂ የሚነደው መኪናው አይደለም። ካልበራ ገመዱ ይታሰርና መስመሮቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ።

ክላክሱ ብቻ እምቢ ካለ ወደ መሪው ዘንግ መውረድ ነው። የክላክሱ ቁልፍ ነጌቲቭ የሚያገኘው በዘንጉ በኩል ነው፤ ዘንጉ ግን ታች ላይ በጎማ ቁራጭ ከመሪው ሳጥን ጋር ስለሚያያዝ ጎማውን የምታሻግር አጭር ሽቦ አለች። በዕድሳት ጊዜ ጎማው ሲቀየር ተፈትታ የምትቀረው እሷ ናት፤ መልሶ ማሠር ለማንም ኤሌክትሪሺያን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።