ትልቁ ዲስክ ሁልጊዜ ያሸንፋል? የትራያልስ ብስክሌት ፍሬን ተረትና እውነታ

በትራያልስ ብስክሌት ላይ ፍሬን የሚያዘው ፍጥነት ለመቀነስ ሳይሆን ተተክሎ ለመቆም ነው። ጋላቢው ፔዳሎቹ ላይ ቆሞ፣ የኋላ ጎማውን ቆልፎ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እንደ ገደል ፍየል ይዘላል። ስፖርቱ ከሞተር ብስክሌት ትራያልስ ተቀድቶ በስፔን ካታሎኒያ ያደገ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ስፖርት ማኅበር ባለ 20 እና ባለ 26 ኢንች ብሎ ለይቶ ያወዳድርበታል። ከውድድሩ ዓለም ውጭ ያለው ብዙ ሰው ያወቀው ግን ስኮትላንዳዊው ዳኒ ማክአስኪል እ.ኤ.አ. በ2009 በኤድንብራ ከተማ የሾለ የብረት አጥር አናት ላይ ሲጋልብ በሚያሳየው ቪዲዮ ነው። እንዲህ ባለ ጨዋታ ፍሬኑ ለቅጽበት ቢያንሸራትት መዘዙ የጥርስ ነው። ስለዚህ የትራያልስ ሰዎች በፍሬን ነገር ቢከራከሩ አይገርምም። የሚገርመው ክርክራቸው ወደ አንድ ቁጥር መጥበቡ ነው፦ ዲስኩ 160 ነው፣ 180 ነው፣ ወይስ 203? ቁጥሩ ባደገ መጠን ፍሬኑ ይጠነክራል፣ ቁጥሩ ከተመሳሰለ ደግሞ ዕቃው ይገጥማል ይባላል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነት ተቆርሰዋል፤ ይሁንና ቁጥሩ የዲስኩን የዳር ለዳር ስፋት በሚሊሜትር ከመንገር አልፎ፣ ፍሬኑ ከጎማው ማዕከል ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ወይም ምን ያህል ትልቅ ጎማ እንዳሸከሙት አይናገርም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የፍሬን ሸራው ዲስኩን የሚጨብጠው በጠርዙ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ገባ ብሎ ነው፤ የሸራው መሃል ከጠርዙ 8 ሚሊሜትር ያህል ይገባል እንበል። እንግዲያውስ 160 ዲስክ ላይ ፍሬኑ የሚሠራው ከማዕከሉ 72 ሚሊሜትር ርቆ፣ 180 ላይ 82፣ 203 ላይ ደግሞ 93 ከግማሽ ርቆ ነው። ከ160 ወደ 180 መሄድ ለተመሳሳይ የጣት ኃይል 14 በመቶ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። አሁን ሌላኛውን የሚዛን ጫፍ እንይ። መሬቱን የሚነካው ጎማው ነውና የጎማው ቁመትም ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። የባለ 20 ብስክሌት የኋላ ጎማ ከማዕከሉ እስከ መሬት 25 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን የባለ 26ቱ ወደ 34 ይጠጋል። 72ን ለ250፣ 93.5ን ለ340 ብናካፍል፣ በትንሹ ብስክሌት ላይ ያለው 160 ዲስክ በትልቁ ላይ ካለው 203 ዲስክ በትንሹም ቢሆን በልጦ መሬቱን ይይዛል። ባለ 26 የሚጋልበው ሰው ባለ 20ው ጓደኛው ላይ የሚያየውን ትንሽ ዲስክ የሚንቅ ከሆነ የናቀው የራሱን ነው።

ታዲያ ትልቅ ዲስክ ይሻላል የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከቁልቁለት ግልቢያ ነው። ከተራራ አናት ወደ ታች በፍጥነት የሚወርድ ብስክሌት ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ዲስኩ ይግላል፤ ዲስኩ ሲግል ዘይቱም ሸራውም ይዳከማሉ። ትልቅ ዲስክ ብዙ ብረትና ብዙ የአየር መንገድ ስላለው ሙቀቱን ይችለዋል፤ እዚያ 200 እና ከዚያ በላይ መግጠም ምክንያት አለው። ትራያልስ ላይ ግን ጎማው ወይ ቆሟል ወይ በእግረኛ ፍጥነት ይንከባለላል። የማይዞር ዲስክ አይግልም። ስለዚህ ከቁልቁለት የተዋስነው ምክር ግማሹ እዚህ ሥራ የለውም፤ የሚቀረው ያ የ14 በመቶ ጉልበት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ክርክር አለ። ብዙ የትራያልስ ጋላቢዎች ለዓመታት ዲስኩን ትተው በዘይት የሚሠራውን የቸርኬ ፍሬን የመረጡት፣ የማጉራን ኤችኤስ 33 ያሰሩት፣ ለምን ነበር? የቸርኬ ፍሬን እኮ ቸርኬውን ራሱን ዲስክ ያደርገዋል፤ በባለ 26 ጎማ ላይ ስፋቱ 560 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዲስክ ማለት ነው፤ ይህ የትልቅ ዲስክን ጥቅም አያረጋግጥም ወይ? በከፊል ያረጋግጣል። ይሁንና የቸርኬ ፍሬን ሌላ በረከት አለው። ዲስኩ የሚታሰረው ሞዞው ላይ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሞዞው ይቆማል፣ ቸርኬው ግን በጋላቢው ክብደት ሊዞር ይፈልጋል፤ በመካከል ያሉት ራጂዎች እንደ ገመድ ይወጠራሉ፣ ጎማውም ጥቂት ተጠምዝዞ ይመለሳል። ቆልፎ በኋላ ጎማው የሚዘል ሰው ይህን እንደ ላስቲክ መሳብ ይሰማዋል። የቸርኬ ፍሬን ራጂዎቹን ከዚህ መንገድ ያወጣቸዋል፤ ኃይሉ ከቸርኬው በቀጥታ ወደ ቴላዮው ይሄዳል። ዲስኩን ከ160 ወደ 203 ብናሳድገው በራጂዎቹ ላይ ያለው የመጠምዘዝ ኃይል በአንድ ግራም አይቀንስም፤ መሬቱ ላይ ያለው ግፊትና የጎማው ቁመት እስካልተለወጡ ድረስ ያው ነው። «ፍሬኔ ይለመጣል» ብሎ ትልቅ ዲስክ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን ለሌላ በሽታ ነው የገዛው፤ የላሉ ራጂዎችን ማጥበቅ ይቀድም ነበር።

ሌላው «ደካማ ፍሬን» ደግሞ የዲስኩም የራጂውም ጥፋት የሌለበት ነው። አዲስ የፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ስስ ንብርብር እስኪያስቀምጥ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ይህም የሚሆነው ብስክሌቱን ደጋግሞ በመጠነኛ ፍጥነት እየነዱ ፍሬን በመያዝ ነው፤ የተለመደው ምክር ከ20 እስከ 30 ጊዜ ነው። የትራያልስ ብስክሌት ግን ፍጥነት አያውቅም። ሸራው ከማሸጊያው ወጥቶ በቀጥታ ድንጋይ ላይ ይወጣል፤ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ፣ ገና ሥራ አልጀመረም። ረጅም ቁልቁለት ፈልጎ አንድ ከሰዓት ሽቅብ ቁልቁል ማለት ከአዲስ ዲስክ፣ ከአዲስ አዳፕተርና ከአዳዲስ ብሎኖች ይረክሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዲስኩን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው፤ በአንድ ጣት ብቻ የሚይዝ ሰው 14 በመቶውን ጣቱ ያመሰግነዋል። እሱን የሚጠብቀው ሁለተኛው ተረት ነው፦ «180 ዲስክ ከ180 አዳፕተር ጋር ይገጥማል።» ቴላዮው ወይም ፎርኩ ላይ ሸራዎቹን የያዘው ካሊፐር የሚታሰርባቸው ጆሮዎች በዋናነት በሁለት ዓይነት ይሠራሉ። አንደኛው ኢንተርናሽናል ስታንዳርድ፣ በአጭሩ አይኤስ የሚባለው ነው፤ ቀዳዳዎቹ በ51 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ ጥርስ የላቸውም፣ ብሎኖቹም ከጎን፣ ከጎማው አክሰል ጋር ትይዩ ሆነው ያልፋሉ። ሁለተኛው ፖስት ማውንት ነው፤ ርቀቱ 74 ሚሊሜትር ሲሆን ብሎኖቹ ቴላዮው ውስጥ ራሱ ወደተቆረጠ ጥርስ ይገባሉ። በእነዚህ ላይ የሚገጠመው አዳፕተር ዋና ሥራው ካሊፐሩን ከማዕከሉ ማራቅ ነው። ለ20 ሚሊሜትር የሰፋ ዲስክ ካሊፐሩ የሚነሳው በ10 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዲስኩ በሁለቱም ዳር ያድጋል፣ ካሊፐሩ ያለው ግን በአንዱ ዳር ነው።

የአይኤስ ወጥመድ እዚህ አለ። የፊትና የኋላ ጆሮዎች ከማዕከሉ ያላቸው ርቀት እኩል አይደለም፤ በ10 ሚሊሜትር ይለያያል። ፊት ላይ ለ180 የሚሆነው አዳፕተር ኋላ ላይ ሲታሰር የ160 ይሆናል፤ የፊቱ 160 ደግሞ የኋላው 140 ነው። ሁለቱን ቁጥር አብረው የሚጽፉ አምራቾች ያሉት ለዚህ ነው፤ ገዢው ግን የሚፈልገውን ቁጥር ሲያይ ሌላውን አያነብም። «180» ብሎ የፊቱን ገዝቶ ኋላ የሚያስር ሰው ዲስኩ ካሊፐሩ ውስጥ ገብቶ ሆዱን ሲመታ ያየዋል፤ ከዚያ የሚወቀሰው ዲስኩ ነው። ፖስት ማውንት በዚህ በኩል ይቀላል፦ ጆሮው ለ160 ከተሠራ ካሊፐሩ በቀጥታ ይታሰራል፣ 20 የሚጨምር አዳፕተር ከገባ 180 ይሆናል፣ ፊትም ሆነ ኋላ። ግን ለ180 የተሠራ ጆሮ ወደ 160 አይወርድም፤ ሞርዶ ይዞ ካልተነሳ በቀር፣ ያ ደግሞ አይመከርም። ጥርሱ ቴላዮው ውስጥ መሆኑም ዋጋ አለው፤ አይኤስ ላይ የተበላሸ ጥርስ አዳፕተር ያስለውጣል፣ ፖስት ማውንት ላይ የተበላሸ ጥርስ ቴላዮ ያስጠግናል። ለትራያልስ ብስክሌት፣ በየሳምንቱ ለሚወድቅ ዕቃ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ይበልጥ ስውር የሆነው ችግር በቅርብ ቁጥሮች መካከል ነው። 180፣ 183 እና 185 ገበያ ላይ የዋሉ ዲስኮች ናቸው፤ 200 እና 203ም እንዲሁ። «ሦስት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች?» ይባላል። በግማሽ ስትቆጠር አንድ ተኩል ሚሊሜትር ናት፤ ውጤቷ ግን በዓይን ይታያል። የ203 አዳፕተር ላይ የ200 ዲስክ ቢገባ የሸራው የላይኛው ጠርዝ ከዲስኩ በላይ ይቀራል። ሸራው እየተበላ ሲሄድ ያ ያልነካው ጠርዝ እንደ ትንሽ እርከን ቆሞ ይቀራል፤ ሸራውን አውጥቶ በጥፍር ቢዳስሱት ይሰማል። አንድ ቀን የግራና የቀኙ እርከኖች ከዲስኩ በላይ ይገናኙና ሸራዎቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ዲስኩን በሙሉ ኃይል መጨበጥ ያቆማሉ። ጋላቢው ዘይቱ አየር ገብቶበታል ብሎ ዘይት ይለውጣል። የተገላቢጦሹ፣ የ200 አዳፕተር ላይ 203 ዲስክ፣ በአንጻሩ መድኃኒት አለው፦ ከካሊፐሩ ሥር በሁለቱም ብሎን ላይ እኩል አንድ ተኩል ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ሮንዴላ መጨመር። ሮንዴላ ውርደት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፤ ግን ብሎኑ በዚያው መጠን መርዘም አለበት። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን አልሙኒየም ውስጥ 9 ሚሊሜትር ያህል ካልገባ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

«ትልቅ ዲስክ ቴላዮ ይሰብራል» የሚሉትስ? አምራቾች የዲስክ ጣሪያ ማስቀመጣቸው እውነት ነው፣ ሊከበርም ይገባል፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። መሬቱ ላይ 80 ኪሎ የሚያህል ግፊት ባለ 26 ጎማውን ሊያዞር ይታገላል እንበል። 160 ዲስክ ላይ ካሊፐሩ የሚሸከመው 378 ኪሎ ያህል ነው፤ 180 ላይ 332። ለተመሳሳይ ሥራ ትልቁ ዲስክ ካሊፐሩን ያቀልለታል እንጂ አያከብድበትም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ደካማው ፍሬን ኃይሉ ሲበዛ ያንሸራትት ነበር፤ መንሸራተቱ ቴላዮውን ይጠብቀው ነበር። የማያንሸራትተው ፍሬን የዝላዩን ምት ሙሉ በሙሉ ወደ ጆሮዎቹ ያስተላልፋል። ካሊፐሩም በአዳፕተሩ ከፍ ስላለ ጆሮውን የሚያጎብጥበት ክንድ ረዝሟል። ትራያልስ ላይ ደግሞ ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣም፤ ጋላቢው ወደ ኋላም ይዘላልና ጆሮው አንዴ ይገፋል አንዴ ይሳባል። በዚያ ላይ የትራያልስ ቴላዮ ኋላው አጭርና ጠባብ ስለሆነ፣ ከጥንካሬው በፊት ዲስኩ የቴላዮውን ቱቦ ሳይነካ መዞሩ መታየት አለበት።

ስለ ዲስኩ አሠራር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስድስት ብሎን ያለው ዲስክ ስድስት ቀዳዳ ባለው ሞዞ ላይ ይታሰራል፤ ቀዳዳዎቹ የሚቀመጡበት ክብ 44 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ተረት ሳይሆን እውነት ነው። መሃሉ አልሙኒየም፣ ዳሩ ብረት ሆኖ በሪቬት የተያያዘው ተንሳፋፊ ዲስክ ግን ለሙቀት ተብሎ የተሠራ ነው፤ በሪቬቶቹ ላይ ያለችው ጥቂት ክፍተት ቆልፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለሚወዛወዝ ጋላቢ «ቀጭ» እያለች ትሰማዋለች። ሸራው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ክፍተትም እንዲሁ። አንድ ወጥ ብረት የሆነው ርካሽ ዲስክ ለዚህ ስፖርት ከውዱ ይሻላል ብል ብዙ ሰው አይወድልኝም፤ ግን ነው።

ከመግዛት በፊት ያለው ሥራ አጭር ነው። ጆሮው አይኤስ ይሁን ፖስት ማውንት ብሎኖቹ የሚገቡበትን አቅጣጫ ማየት ይበቃል፤ ከጎን ከሆኑ አይኤስ ነው። ቀጥሎ የፊት ነው የኋላ? ከዚያ በአሮጌው ዲስክ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳያምኑ በማስመሪያ ዳር ለዳር መለካት። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ከካሊፐሩ ጀርባ ነጭ ወረቀት ይዞ በላይ በኩል መመልከት፤ በዲስኩና በሁለቱ ሸራዎች መካከል ሁለት ቀጭን የብርሃን መስመሮች እኩል ከታዩ ጎን ለጎኑ ተስተካክሏል። ከፍታውን የሚናገረው ግን ሸራው ነው፤ ከጥቂት ቀን ግልቢያ በኋላ አውጥቶ ጠርዙን በጥፍር መዳሰስ።