የአዲስ ከባድ መኪና የሞተር ዋስትና፦ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ለጅቡቲ መንገድ ስንት ወር ነው?

ጦር ኃይሎች ከባቡሩ ወርዳችሁ ቀለበት መንገዱ ዳር ለአምስት ደቂቃ ብትቆሙ፣ ወደ አየር ጤና ወጥቶ የጅማን መንገድ የሚይዝ ኤፍ ኤስ አር፣ አሸዋ የጫነ ሲኖ፣ ተሳቢውን እየጎተተ ዳገቱን የሚገፋ ከባድ መኪና ታያላችሁ። ብዙው በባንክ ብድር፣ በዕቁብ ወይም በወንድማማች መዋጮ የተገዛ ነው። አንዱ ሞተሩ ቢወርድ የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩ፣ የረዳቱና የባለቤቱ ቤት አብሮ ይቆማል። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አይቆምም።

ለዚህ ነው አዲስ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲለው ልቡ የሚረጋው። ችግሩ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ኢንሹራንሱንም ዋስትና እንላለን፣ አምራቹ ለዕቃው የሚሰጠውን ዋራንቲም ዋስትና እንላለን። ሁለቱ አይገናኙም። ባንክ ሲያበድር የሚያስገባችሁ ኢንሹራንስ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ስርቆትንና ቃጠሎን ነው የሚመለከተው። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ቢበላሽ ኢንሹራንስ ድርሻዬ ነው አይልም። ዛሬ የምናብራራው ዋራንቲውን ነው፤ በተለይ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና እነሱን የሚያገናኙትን ክፍሎች የሚሸፍነውን።

አምራቾች እነዚህን ክፍሎች ለብቻ ለይተው ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጡበት ምክንያት አላቸው። ሲበላሹ በጣም ውድ ናቸው፣ ስለዚህ ገዢ የሚፈራው እነሱን ነው። በአግባቡ ከተያዙ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ አይበላሹም። ስለዚህ የረዥም ዓመት ቃል መግባት ለአምራቹ እንደሚመስለው ውድ አይደለም፤ ገበያው ላይ ግን ትልቅ ጉልበት አለው።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የሃዩንዳይ የአሜሪካ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያው እዚያ የሸጠው ወደ 90 ሺህ መኪና ነበር፤ ስሙም «ርካሽና ቶሎ የሚበላሽ» ተብሎ ጠፍቶ ነበር። የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል (ወደ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር) የሞተርና ካምቢዮ ዋስትና ካወጀ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ሽያጩ ከ160 ሺህ አለፈ። ያው ዋስትና ግን መኪናው ለሁለተኛ ባለቤት ሲሸጥ ወደ 5 ዓመትና 60 ሺህ ማይል ይወርዳል። በፒክአፕ ገበያውም ራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለ2026 ሞዴሎቹ ተመሳሳይ የ10 ዓመት ዋስትና ይዞ መጣ። በተቃራኒው ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 የሼቭሮሌትንና የጂ ኤም ሲን ከ100 ሺህ ወደ 60 ሺህ ማይል ቀንሷል፤ ደንበኞች መኪና ሲመርጡ ይሄን ያን ያህል አያስቀድሙትም ብሎ። ስሙ ያልተረጋገጠለት ዋስትናን ያስረዝማል፣ ስሙ የተተከለለት ያሳጥራል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ። ዋስትናዎች በአብዛኛው ሁለት ገደብ አላቸው፦ ጊዜና ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው ያበቃል። እንበል ወረቀቱ «2 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር» ይላል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ደርሶ መልሱ 1,800። መኪናው በወር አራት ጊዜ ከተመላለሰ 7,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 100 ሺውን በ14 ወር ይጨርሰዋል። «2 ዓመት» የተባለው አሥር ወር ገደማ ጎደለ ማለት ነው! ለቤት መኪና የተጻፈ የሚመስል ዋስትና ለጅቡቲ መንገድ አጭር ነው። ከተማ ውስጥ አፈር የሚያመላልስ ገልባጭ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆጣሪው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ዓመቱ ያልቃል፣ ሞተሩ ግን ቆሞም እየሠራ ነው የዋለው።

ከዚያ ትንንሹ ጽሑፍ አለ። ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ በአብዛኛው አይሸፈኑም፤ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው ይባላል። ከተፈቀደው በላይ መጫን፣ የሰርቪስ ቀን ማሳለፍ፣ ሌላ ጋራዥ ሞተሩን መክፈት፣ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ ማስገባት፣ የተበከለ ነዳጅ፣ እነዚህ ዋስትናውን ያፈርሳሉ። እዚህ አገር ከባድ መኪና ይዞ ትርፍ ጭኖ የማያውቅ ማን አለ? ሚሌ አካባቢ መኪናው ቢቆምስ፣ አዲስ አበባ ካለው ሰርቪስ ጣቢያ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠብቅ ባለንብረት ስንት ነው? በቅርብ ያለውን መካኒክ ይጠራል፣ ሞተሩ ይከፈታል፣ ዋስትናው እዚያው በረሃ ላይ ይቀራል። መኪናው በቆመበት ጊዜ የቀረው ገቢም በዋስትና አይካስም።

ለዚህ ይመስለናል የእኛ ገዢ ከዋስትናው በፊት «መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አለ ወይ?» የሚለው። ሞኝነት አይደለም። ዕቃ የሌለው የ5 ዓመት ዋስትና ዕቃ እስኪመጣ መቆም ነው። ቢሆንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሞተርና ካምቢዮ በብር ሲታሰብ እጅግ ስለተወደደ፣ በእውነት የሚፈጸም ዋስትና ከድሮው የበለጠ ዋጋ አለው። ሁለት መኪና እያወዳደራችሁ ከሆነ ዓመቱን ብቻ አትቁጠሩ። ዋስትናውን የሚፈጽመው አምራቹ ነው ወይስ አስመጪው? በምትሠሩበት መስመር ላይ ሰርቪስ ጣቢያ አለው? መንገድ ላይ ሌላ መካኒክ ቢነካው ምን ይሆናል? መልሱን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ጠይቁ።

ሕጉስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለሥራ መኪና የገዛ ባለንብረት እሱን መደገፊያ ማድረጉ ያጠራጥራል። የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ሻጭ ለጉድለት ኃላፊነት አለበት፤ ገዢ ግን ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፣ ካሳወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካልመሠረተ መብቱን ያጣል። ስለዚህ «ነገ እናየዋለን» ሲሏችሁ ስልኩን ዘግታችሁ አትቀመጡ። ጉድለቱን በጽሑፍ አስገቡ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አያይዙ፣ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርሙ።