«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፤ በካርድ የተከፈለ ገንዘብ ግን ይመለሳል

በአዲስ አበባ ከተማ ከፒያሳ የወርቅና የብር ዕቃ ሱቆች አንሥቶ እስከ ቦሌ የባህል ልብስ መደብሮች ድረስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጥፎ ይታያል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ግብይት ይህ ቃል ለነጋዴው መከታ ሆኖት ኖሯል። ደንበኛው የከፈለው በካርድ የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ዕቃው ባይመለስም ገንዘቡ ሊመለስ ይችላልና።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የብር መስቀልና የአንገት ጌጥ የሚሸጥ ባለሱቅ ከውጭ አገር ለመጣ ጎብኚ አራት መቶ የአሜሪካን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሸጠ እንበል። ጎብኚው በካርዱ ከፈለ፤ የፖስ ማሽኑም ደረሰኝ አወጣ፤ ገንዘቡም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ባለሱቁ ሒሳብ ገባ። ባለሱቁ በዚሁ ገንዘብ አንጥረኛውን ከፍሎ አዲስ ዕቃ አዘዘ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ባንኩ ያንኑ ገንዘብ ከሒሳቡ ላይ ቀንሶ፣ ባለካርዱ ግዢውን አላውቀውም ማለቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከለት። ጌጡ ባሕር ተሻግሯል፤ ገንዘቡ ተመልሷል፤ አንጥረኛውም ዋጋውን ወስዷል። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ ባንኩን እንደ በደለኛ ቢቈጥረው የሚያስገርም አይሆንም። ይሁን እንጂ ባንኩ ያደረገው፣ ባለሱቁ የፖስ ማሽኑን ሲረከብ ራሱ በፈረመው ውል የተፈቀደለትን ነው።

በባንክ ሰዎች ዘንድ ቻርጅባክ እየተባለ የሚጠራው ይህ አሠራር የሚጓዝበት መንገድ ረዘም ያለ ነው። ባለካርዱ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለነጋዴው ሳይሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ይህም ባንክ ምክንያቱን መርምሮ የተቀበለው እንደሆነ፣ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉት የካርድ ድርጅቶች ደንብ መሠረት ገንዘቡን ከነጋዴው ባንክ ይጠይቃል፤ የነጋዴውም ባንክ በተራው ከነጋዴው ሒሳብ ይቀንሳል። ነጋዴው በተወሰነለት ቀን ማስረጃውን አቅርቦ የመከራከር መብት አለው። ሁለቱ ባንኮች ያልተስማሙ እንደሆነ ነገሩ በመጨረሻ ለካርዱ ድርጅት ይቀርባል፤ በዚያም የተረታው ወገን ከዋናው ገንዘብ ሌላ በመቶዎች የሚቈጠር ዶላር የዳኝነት ክፍያ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ለአነስተኛ ሽያጭ እስከዚያ ድረስ መሟገት አትራፊ አይደለም።

የዚህ ሥርዓት ምንጩ አሜሪካን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ ከተማ ስድሳ ሺህ ለሚያህሉ ነዋሪዎች ሳይጠይቁት የክሬዲት ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ሌሎችም ባንኮች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ፤ ካርዱ በሌባ እጅ የወደቀበት ሰው ስላልገዛው ዕቃ ዕዳ ሲጠየቅ ጩኸቱ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ያልተጠየቀ ካርድ መላክን ከልክሎ፣ ያለፈቃዱ በካርዱ ለተፈጸመ ግዢ ባለካርዱ የሚጠየቅበትን ገንዘብ ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ባለካርዱ የተሳሳተ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ በተላከለት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቃወም የሚፈቅደው ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አገር ሕግም ባንኩን ከሻጩ ጋር በአንድነት ተጠያቂ አደረገው፤ ይህም ዛሬ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 ፓውንድ ለማይበልጥ ዕቃ ይሠራል። ከገዢው የገዛ ተቀማጭ በሚቀንሰው በዴቢት ካርድ ላይ የአሜሪካን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ነው፤ ጥበቃውም የሚለካው ባለካርዱ በፈጠነበት መጠን ነው። ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያስታወቀ በ50 ዶላር ሲጠየቅ፣ የዘገየው እስከ 500 ዶላር፣ ይልቁንም የባንክ መግለጫ ከተላከለት 60 ቀን ያሳለፈው ከዚያ በኋላ የሚወሰድበትን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቆዳ ለሚልክ ነጋዴ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ይመስላል። እርሱ የለመደው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው። በዚያ አሠራር ባንኩ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ሰነዱ ከተባለው ጋር የተስማማ እንደሆነ ባንኩ ሊከፍል ግዴታ አለበት፤ ገዢው ዕቃውን ከጂቡቲ ወደብ ወዲያ ቢነቅፈው እንኳ የሚካሰሰው ከሻጩ ጋር ነው። በካርድ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ይገባና ጥያቄው በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በሒሳብ ላይ የታየውን የካርድ ሽያጭ በሙሉ እንዳለቀ ገቢ መቍጠር ጥንቃቄ የጎደለው አያያዝ ነው።

ባለካርዶች የሚያቀርቡት ምክንያት ብዙ ዐይነት ነው። «ዕቃው አልደረሰኝም»፣ «የደረሰኝ ከተነገረኝ የተለየ ነው»፣ «ሁለት ጊዜ ተቀነሰብኝ»፣ «ገንዘብህን እመልሳለሁ ተብዬ አልተመለሰልኝም» የሚሉት የታወቁ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ባለሱቁን የሚያስቈጣው ግን «አላውቀውም» የሚለው ነው። ከእነዚህ አቤቱታዎች አንዳንዶቹ እውነተኛ ስርቆት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዕቃውን ተቀብሎ የሚክድ ደንበኛ ተንኰል ናቸው። ሦስተኛው ዐይነት ግን ከስም የሚመጣ ነው፤ እርሱም በነጋዴው እጅ ያለ ስሕተት ነው። የሱቁ ሰሌዳ «ጣና የባህል ዕቃዎች» ይላል እንበል፤ የንግድ ፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ ግን በባለቤቱ ስም ወይም «ጠቅላላ አስመጪና ላኪ» በሚል ድርጅት ተመዝግቧል። ጎብኚው አገሩ ገብቶ የባንክ መግለጫውን ሲመለከት ጣና የሚለውን ፈልጎ ያጣና ሰምቶት የማያውቀውን የሰው ስም ያገኛል። ዕቃውን የሚክድበት አሳብ ባይኖረውም ወደ ባንኩ ይደውላል። ይህን ለማስቀረት በደንበኛው መግለጫ ላይ የሚታየው ስም የትኛው እንደሆነ ባንክን መጠየቅና በሰሌዳው ስም እንዲተካ ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለም ለደንበኛው በሽያጩ ጊዜ መንገር ይበቃል። ወጪውም ኢምንት ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት እንዳወቀው የሚያስረዳ እንደሆነ፣ ይልቁንም በሚገባው ቋንቋ በደረሰኙ ላይ ከታተመ፣ አሳቡን ለውጦ ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚለውን ለመከላከል ይረዳል። በአማርኛ ብቻ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግን ለሩቅ አገር ባንክ ማስረጃ አይሆንም፤ ዕቃው አልደረሰኝም ወይም እኔ አልገዛሁም ለሚለውም መልስ አይሰጥም።

ለዚህ ለመጨረሻው መልስ የሚሰጠው ማሽኑ ነው። ቺፕ ያለው ካርድ በቺፑ ከተነበበና ደንበኛው የምስጢር ቍጥሩን ራሱ ካስገባ፣ ካርዱ ሐሰተኛ ነበር የሚለው ክርክር በአብዛኛው በነጋዴው ላይ አይጸናም። ቺፑን ትቶ በመግነጢሱ ማሳለፍ ግን ኪሳራውን ወደ ነጋዴው ወገን ይጠራል፤ በአሜሪካን አገርም ይኸው ደንብ በአብዛኞቹ ሱቆች ላይ ከኦክቶበር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሠርቶበታል። የካርድ ቍጥር በስልክ ወይም በደብዳቤ ተቀብለው ክፍል የሚይዙ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ከሁሉ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው፤ ካርዱን አላዩትምና። ለእነርሱ የሚሻለው የደንበኛው ባንክ ራሱ ማንነቱን በምስጢር ቍጥር አረጋግጦ የሚያሳልፈው የኢንተርኔት ክፍያ ነው፤ በዚህ መንገድ ያለፈ ክፍያ በስርቆት ስም ቢመለስ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ በካርዱ ሰጪ ባንክ ላይ ይወድቃል።

ነጋዴው ገንዘብ ለመመለስ ራሱ የፈቀደ እንደሆነም ወደዚያው ካርድ መመለስ እንጂ ጥሬ ገንዘብ መስጠት አይገባውም። ጥሬውን የወሰደ ደንበኛ በኋላ ወደ ባንኩ ቢሄድ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከፍላልና። የምንዛሪም ጉዳይ አለ። ከጁላይ 29 ቀን 2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በሽያጩ ቀንና በተመለሰበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ከባንኩ ጋር የተደረገውን ውል አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

አስመጪው ደግሞ በዚህ ነገር ከሌላው ወገን ይቆማል። የናሙና ዋጋ ወይም የትርኢት መግቢያ በካርድ ከፍሎ ዕቃው የቀረበት ሰው፣ በቅድሚያ ለሻጩ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሳይዘገይ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት አለበት። በቪዛ ደንብ ለአቤቱታ የተፈቀደው ጊዜ በአብዛኛው 120 ቀን ነው፤ ወደፊት ሊቀርብ ለታዘዘ ዕቃ ወይም አገልግሎት ይኸው ጊዜ ሊደርስ ከሚገባው ቀን ጀምሮ ይቈጠራል፤ ሆኖም ክፍያው ከተፈጸመበት 540 ቀን አያልፍም።

ይህ የመጨረሻው ቍጥር ለሻጩም ይጠቅመዋል፤ ለቀጠሮ ጉዞ ወይም ትእዛዝ የተቀበለው ደረሰኝ እስከዚያ ድረስ ሊጠየቅ ይችላልና። ነገር ግን የፖስ ማሽን የሚያወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በፀሐይና በመስኮት አጠገብ ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ደረሰኙን በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ ከዕቃው ዝርዝርና ከማስረከቢያው ፊርማ ጋር በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ይገባል።