አዲስ ዓለም ማርያም፤ የንጉሥ ቤት ልትሆን የነበረችው ደብር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው ሆለታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዓለም ይደርሳል። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከተማይቱ ኮረብታ ላይ አንዲት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ ደብረ ጽዮን ማርያም ነው፤ ሰው ግን አዲስ ዓለም ማርያም ይላታል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ሲያያት ከጥንት ጀምሮ የነበረች ትመስለዋለች። ዕድሜዋ ግን ከ120 ዓመት እምብዛም አይርቅም። መጀመሪያም ሥራው ሲጀመር ለንጉሥ ቤት እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አልታሰበም ነበር።

ታዲያ እንዴት ተለወጠ? ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው።

ጥንት ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ነገሥታት በአንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም ነበር። እንደ ጎንደር ያለ ከተማ ተሠርቶ ቢቆይም፣ የብዙዎቹ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ሲሰፍር የአገሩ ገበሬ ቀለብ ይሰፍራል። ዛፉ ለማገዶና ለጎጆ ይቆረጣል። እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ ባላገሩ ከተራቆተው መሬት ጋር ይቀራል።

ዳግማዊ ምኒልክም እንዲሁ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መጡ። እንጦጦ ብርድ ነው፤ እንጨቱም ቶሎ አለቀ። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ በታች ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። በ1888 ዓ.ም ከአድዋ ድል በኋላ ከተማዋ እየሰፋች ሄደች። አንድ ቤት በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚፈጅ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ የሠራዊቱን፣ የመኳንንቱን፣ የጠጅ ቤቱንና የእንጀራ ቤቱን ምድጃ ጨምሩበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የአዲስ አበባ ዙሪያ ራቁቱን ቀረ። እንጨት ከመናገሻ ጫካ ድረስ እየተጋዘ ይመጣ ጀመር።

ስለዚህ ጫካ አንድ የቆየ ወሬ አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋራው ተመልምሎ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ በደብረ ሲና በኩል ያለ ደን ነው። መናገሻ የሚለው ስምም ነገሥታት ይነግሡበት ስለ ነበር ነው የሚሉ አሉ። ወሬው በሙሉ እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰዉ ደን እንደሚያልቅም እንደሚተከልም ከጥንት ያውቅ እንደ ነበር ያሳያል።

እንጨቱ ሲጠፋ ምኒልክ ሌላ ከተማ ለመቆርቆር አሰቡ። በ1893 ዓ.ም ገደማ ቦታውን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ መረጡ። ስፍራውን የአገሩ ኦሮሞ ኤጀርሳ ይለው ነበር፤ ኤጀርሳ ማለት ወይራ ነው። ንጉሡ አዲስ ዓለም አሉት። ሥራው ተጀመረ። በዚያ ዘመን ልማድ ድንጋይ ማጋዝና ግንድ መጎተት የገባሩና የወታደሩ ዕዳ ነበር። መጻሕፍት ቤቱን ምኒልክ ሠሩት ይላሉ፤ የተሸከመውን ሰው ስም ግን አይጽፉም።

ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም መንገድም ወጣ። በአገራችን በአዲስ ዘዴ ከተሠሩት መንገዶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመን በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ነበር። ሕዝቡ መኪናውን በሰውየው ስም የሰርኪስ ባቡር አለው።

ከተማው ግን አልተዛወረም። አንደኛው ምክንያት ወጪ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ተሠርቶ ነበር። የውጭ አገር መልእክተኞችም እዚያው ቤታቸውን ስለ ሠሩ መነሣቱን አልወደዱትም። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት አንድ ዛፍ ነው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከአድዋ ጦርነት በፊት፣ ከውጭ የመጣ ዛፍ በአዲስ አበባ ተተክሎ ነበር። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ጽድና ወይራ ለአባት ተተክሎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይቆረጣል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም ብላችሁ ትወቅሱት ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። አዲስ አበባን ካለችበት ያቆያት ግን እሱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከብዙ መኳንንት ይልቅ ይህ ዛፍ በታሪካችን ላይ ሥራ ሠርቷል።

እንግዲህ በኮረብታው ላይ የተጀመረው የንጉሥ ቤት ምን ይሁን? ምኒልክ ለማርያም ሰጡት። እንዲሁ ማርያም ብቻ ሳትሆን ጽዮን ማርያም ተባለች። ይህን ለመረዳት አፈ ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አፈ ታሪክ ማለት በጽሑፍ ወይም በሌላ ማስረጃ ሳይረጋገጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ነገር ነው።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ንግሥተ ሳባ፣ ማክዳ የምትባለው፣ ስለ ሰሎሞን ጥበብ ታምሪን ከሚባል ነጋዴ ሰማች። ተነሥታ ኢየሩሳሌም ወረደች። ልትመለስ ስትል ሰሎሞን ግብር አገባት፤ ምግቡን በቅመም አስከሽኖ አቀረበላት። ማታ በግድ እንዳይደርስባት አስማለችው፤ እሱም ከቤቱ ምንም ነገር ሳታስፈቅድ እንዳትወስድ አስማላት። ሌሊት ቅመሙ አቃጠላትና ውሃ አንሥታ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዛት። መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ውሃም ይቆጠራል ወይ ብትለው፣ በምድር ላይ ከውሃ የሚበልጥ ምን አለ ብሎ ረታት። በጋ ላይ ምንጭ የደረቀበት ገበሬ ሰሎሞን ተሳስቷል አይልም። ከዚያች ሌሊት ቀዳማዊ ምኒልክ ተወለደ። አድጎ አባቱን ሊያይ ሄደ። ሲመለስ አብረውት የመጡት የእስራኤል ታላላቆች ልጆች፣ የካህኑ ልጅ አዛርያስ መሪ ሆኖ፣ ታቦተ ጽዮንን ወስደው በቦታዋ እንጨት አኖሩ። ታቦቷም አክሱም ገባች ይባላል።

ይህን የሚተርከው ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ ነው። በግዕዝ የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ነገሩ ሆነ ከተባለበት ዘመን ብንቆጥር ከ2000 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ እንደ ዓይን ምስክር አንይዘውም። ሆኖም አፈ ታሪክ ነው ብሎ መናቅም አይቻልም። ነገሥታት በሱ ነግሠውበታል። በ1923 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሡን ዘር ከሰሎሞን ይቆጥር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክም ስማቸው ራሱ ሁለተኛው ምኒልክ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽዮንን አክሱም አስገባ ከተባለ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሸዋ ምድር ሌላ ጽዮን ማቆማቸው ለማንም ግልጽ ነበር። የአክሱም ጽዮን አለቃ ማዕረጉ ንቡረ እድ ነው። ንቡረ እድ በግዕዝ እጅ የተጫነበት፣ በእጅ መጫን የተሾመ ማለት ነው። ይኸው ማዕረግ ለአዲስ ዓለም አለቃም ተሰጠ። በሌላ ደብር አለቃው መልአከ እገሌ ወይም መምህር ሲባል፣ በአዲስ ዓለም ግን እንደ አክሱም ንቡረ እድ ይባላል።

ክብር ሲሰጥ መሬት አብሮ ይሰጥ ነበር። ታላላቅ ደብሮች የሰሞን መሬት ነበራቸው። በዚያ መሬት ላይ ያለ ገበሬ ግብሩን ለካህናቱ ይሰጣል። አፈ ታሪኩ በማኅሌት ሲነገር ያምራል፤ በጎተራ በኩል ግን በቁና ይሰፈር ነበር። ይህ የመሬት ሥሪት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ግን አለች። ግድግዳዋ በሥዕል ያጌጠ ነው። በዕቃ ቤቷ የነገሥታት ዘውድና ልብስ ተቀምጧል። ወደ ኮረብታው ስትወጡ ዙሪያውን ብትመለከቱ ባሕር ዛፍ ታያላችሁ፤ እዚህም ደርሷል። አጣናው በመኪና እየተጫነ በዚያው በምኒልክ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።