የላቦራቶሪ ወረቀትዎ ምን ይላል?

ቦሌም ይሁን ገርጂ ተመርምረው በውጤትዎ ላይ «ኢኤስአር» ወይም «ሲአርፒ» ከፍ ብሎ ካገኙት አይደንግጡ። ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ የበሽታውን ስም አይናገሩም።

ኢኤስአር ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ታች እንደሚወርዱ ይለካል። ዕድሜ፣ እርግዝናና የደም ማነስም ከፍ ያደርጉታል። ጉበት የሚያመርተው ሲአርፒ ግን ብግነቱ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ሲሻልዎትም ቶሎ ይወርዳል። ኢኤስአር ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይተው ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ አይግዙ። የሳንባ ነቀርሳም የመገጣጠሚያ ብግነትም ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ወረቀቱን ምርመራውን ላዘዘልዎት ሐኪም ያሳዩ፤ ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል ወይም የክብደት መቀነስ ካለብዎትም ሳይደብቁ ይንገሩት።