ቴትሪስ፦ ያለ መልክ የተወለደው ጨዋታ

በልጅነታችን እንቅልፍ ያሳጣንን የቪዲዮ ጨዋታ ዛሬ መልሰን ስንከፍተው ብዙ ጊዜ እናዝናለን። የሰዎቹ ፊት ማዕዘን ማዕዘን ነው፤ ካሜራው ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ጀግናው ወደ ግራ ሲሉት እየተጎተተ ይዞራል። “ይህን ነበር የምንወደው?” ያሰኛል። ቴትሪስ ግን አርባ ዓመት አልፎትም እንዲህ አያሰኝም።

ጨዋታው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ ነበር። ፔንቶሚኖ የሚባለውን፣ ከአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ ቅርጾችን ሳጥን ውስጥ ገጣጥሞ የመሙላት ጨዋታ ይወድ ስለነበር ወደ ኮምፒውተር ሊያመጣው ፈለገ። አምስቱን ካሬ ወደ አራት ሲያወርደው ሰባት ቅርጾች ብቻ ቀሩለት። የነበረው ማሽን ኤሌክትሮኒካ 60 ሥዕል ማሳየት አይችልም፤ የሚያወጣው ፊደልና ምልክት ነው። ስለዚህ ጡቦቹን በቅንፍ ምልክቶች ሠራቸው። ስሙንም “አራት” ከሚለው የግሪክ ቃል ከ“ቴትራ” እና ከሚወደው ስፖርት ከቴኒስ አዳቀለው።

ሕጉ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። 10 ካሬ ስፋትና 20 ካሬ ቁመት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቅርጾች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ይደረድራቸዋል። ከዳር እዳር የሞላ ረድፍ ይጠፋል፤ ክፍተት የተተወበት ግን እዚያው ይቀራል። ክምሩ አፍ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል። በደንብ የተሠራው ሁሉ ስለሚጠፋ ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ የሚያየው የገዛ ስህተቱን ነው። “አንዴ ብቻ ልድገም” የሚያሰኘውም ይህ እልህ ነው።

ቫዲም ጌራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ጨዋታውን ወደ አይቢኤም ኮምፒውተር ካሻገረው በኋላ ቴትሪስ በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። በ1989 ሄንክ ሮጀርስ የተባለ ነጋዴ ሞስኮ ድረስ ሄዶ በእጅ ለሚያዙ መጫወቻዎች የሚሆነውን መብት ተዋዋለ፤ የጨዋታ ኩባንያው ኒንቴንዶም በዚያው ዓመት ጌም ቦይ ከተባለው ትንሽ መጫወቻው ጋር አወጣው። የጌም ቦይ ስክሪን ቀለም አልነበረውም፤ እንዲያም ሆኖ ወደ 35 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ሌሎቹ ሲያረጁ ይህ ለምን ቀረ? በ1990ዎቹ ብዙ ጨዋታዎች የተገዙት “እውነተኛ ሰው ይመስላል” እየተባለ ነበር። የተሻለ የሚያስመስል ማሽን በመጣ ቁጥር የቀደመው ውበት ይረክሳል። ቴትሪስ ግን ከመነሻው ምንም አላስመሰለም። ገበጣን አስቡት፦ ጉድጓዱ በእንጨት ቢቦረቦር፣ በመሬት ቢቆፈር፣ ጠጠሩ ፍሬ ቢሆን ጨዋታው ያው ነው። መልክ የሌለው ነገር በምን ያረጃል?

ጥልቀቱም ገና አላለቀም። ኒንቴንዶ በ1989 ለቤት መጫወቻው ባወጣው ቴትሪስ፣ ደረጃ 29 ላይ ቅርጾቹ እጅግ ስለሚፈጥኑ ያ የጨዋታው ዳር ነው ተብሎ ለዓመታት ታምኖ ነበር። ጨዋታው ሲወጣ ያልተወለዱ ወጣቶች ግን በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ከጀርባው በጣቶቻቸው እየመቱ ቁልፉን የሚያፈጥኑበትን ዘዴ አመጡ። በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ ደረጃ 157 ደርሶ ፕሮግራሙን ራሱን አስቆመው።

እርጅና ፈጽሞ አልነካውም ማለት ግን ውሸት ነው። የዛሬዎቹ ቅጂዎች የሚመጡትን በርካታ ቅርጾች አስቀድመው ያሳያሉ፤ አንዱንም ለኋላ ማቆየት ያስችላሉ። በዚህ የለመደ እጅ የ1989ኙን ሲነካ ይደናገራል። ይህ ግን የልማድ ጉዳይ ነው፤ ጥቂት ዙር ከተጫወቱ ይለቃል።

እንግዲህ የድሮ ጨዋታ ሲገጥማችሁ በሥዕሉ አትፍረዱበት። ሥዕሉን በሐሳባችሁ ግፈፉትና የሚቀረውን እዩ። የሚያጫውት ሕግ ከቀረ ጨዋታው አላረጀም፤ ምንም ካልቀረ ደግሞ ያኔም የወደዳችሁት ሥዕሉን ነበር።