ቅርጫት ኳስና የደሴት ዕረፍት በአንድ ጉዞ

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በየዓመቱ ኅዳር አጋማሽ ሲደርስ፣ ይኸውም እነርሱ የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል በሚውልበት ሳምንት፣ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ቡድናቸውን በመከተል ወደ ሩቅ ደሴት ይጓዛሉ። ጨዋታው የሚደረገው በአዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከአዳራሹ ወጣ ሲሉ ግን ባሕርና ዘንባባ ይጠብቃቸዋል። ይህን በቴሌቪዥን ያዩ ተማሪዎች «የቤት ውስጥ ጨዋታ ለመጫወት ውቅያኖስ መሻገር ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ጂኦግራፊን፣ ሒሳብንና ታሪክን የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ገጽ ልናብራራው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከነዚህ ውድድሮች ሁሉ የታወቀው በሃዋይ ደሴቶች መካከል በስፋት ሁለተኛ በሆነችው በማዊ የሚደረገው ነው። የተጀመረው በ1984 ሲሆን፣ መነሻው ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገ አንድ ጨዋታ ነበር። በታኅሣሥ 1982 በአገሪቱ አንደኛ ተብሎ የተመደበው የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከጃፓን ሲመለስ በሆኖሉሉ ዐረፈና ቻሚናድ ከሚባል አነስተኛ የካቶሊክ ኮሌጅ ጋር ገጠመ። የቻሚናድ ተማሪዎች ቁጥር ከአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማይበልጥ ነበር። ቨርጂንያ ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ራልፍ ሳምፕሰንን አሰልፏል። ሳምፕሰንን እንዲጠብቅ የተመደበው የቻሚናዱ ቶኒ ራንዶልፍ በቁመት ከሃያ ሴንቲ ሜትር በላይ ያንሰዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ያደጉት በቨርጂንያ ስለነበረ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ተጋጥመው ነበር፤ ጠባዩን ያውቀዋል። ጨዋታው 77 ለ 72 በቻሚናድ አሸናፊነት ተፈጸመ። በቴሌቪዥን ስላልተላለፈ ብዙ የጋዜጣ አዘጋጆች ውጤቱ በስልክ ሲነገራቸው ስሕተት መስሏቸው ነበር ይባላል። ከዚህ ድል የተነሣ ነው ቻሚናድ ትልልቆቹን ቡድኖች እየጋበዘ በማዊ የውድድር አስተናጋጅ ለመሆን የበቃው።

ዝናው ብቻውን ግን ቡድኖቹን ያን ያህል ርቀት አያስኬዳቸውም ነበር። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አንድ ቡድን በዓመት ስንት ጨዋታ ማድረግ እንደሚችል ገደብ ያበጃል። በዚያ ዘመን በነበረው ደንብ በአላስካ፣ በሃዋይና በፑርቶ ሪኮ የሚደረጉ ጨዋታዎች ከገደቡ ውጭ ነበሩ። ሐሳቡ እነዚያ ሩቅ ኮሌጆች እንግዳ ቡድን እንዳያጡ ለመርዳት ነው። አሠልጣኞች ደግሞ ተጨማሪ ጨዋታ የሚገኝበት ቀዳዳ ሆኖ ታያቸው። በ1978 በአላስካ የተጀመረው ውድድርም በዚሁ ደንብ የተጠቀመ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ቢለዋወጥም ልማዱ ጸንቶ ቀርቷል። በካሪብያን ባሕር በሴንት ቶማስ ደሴት ከ2000 ጀምሮ፣ በባሃማስ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ተመሳሳይ ውድድሮች ተቋቁመዋል። የባሃማሱ የሚደረገው የአንድ ትልቅ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ ወለል እየተነጠፈለት ወደ መጫወቻ ሜዳ ተለውጦ ነው፤ ተመልካቹ ከመኝታ ክፍሉ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ጨዋታው ይሄዳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። በማዊ በተለመደው አሠራር ስምንት ቡድኖች ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጨዋታ ይደረጋል። በሁለተኛው ቀን ያሸነፉት ካሸነፉት፣ የተሸነፉት ከተሸነፉት ጋር ይጫወታሉ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ስለዚህ በጠቅላላው 12 ጨዋታ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቡድን ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ሦስት ጊዜ ይጫወታል። በጥሎ ማለፍ ውድድር የተሸነፈ ቡድን በዚያው ዕለት ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል፤ ደጋፊውም ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። እዚህ ግን ሦስት ጨዋታ ማየቱ የተረጋገጠ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ከወራት በፊት ደፍረው የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጡት በዚህ ምክንያት ይመስለናል። በእርግጥ የሚያዩት ጨዋታ ደስ ላያሰኛቸው ይችላል፤ በ2024 የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በማዊ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ሄዷል።

ከዚሁ አሠራር የሚመጣ አንድ ችግር አለ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ግን የሚታወቀው የፊተኛው ውጤት ከታየ በኋላ ነው። ጠዋት ሊሆን ይችላል፤ ማታም ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ጨዋታ ባለባቸው ሦስት ቀናት ውስጥ የጀልባ ጉዞ ወይም የተራራ ሽርሽር አስቀድሞ ከፍሎ መያዝ ስሕተት ነው። ጨዋታው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ እንቅልፍን ማስተካከል፣ ዕረፍቱን ደግሞ ከሐሙስ በኋላ ማድረግ ይሻላል። አንዳንዶች ዕረፍቱን ያስቀድማሉ። እኛ አንመክርም፤ ልቡ በጨዋታው የተያዘ ሰው ባሕሩን በደንብ አያየውም።

እንቅልፍ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር ወር በሃዋይና በኒው ዮርክ መካከል የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ። በማዊ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በኒው ዮርክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባና በናይሮቢ ደግሞ የማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። መምህራን የኬንትሮስን ትምህርት ሲያስተምሩ ይህን እንደ ምሳሌ ቢያቀርቡት ተማሪ በቀላሉ ይይዘዋል።

የማዊ ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ በካሁሉይ ነው። ውድድሩ የሚደረግበት የላሃይና አዳራሽ ከዚያ በምዕራብ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱም አብዛኛውን ገደልና ባሕር መካከል የሚያልፍ ስለሆነ አደጋ ወይም ጥገና ከገጠመ ሌላ ቅርብ አማራጭ የለም። አዳራሹ 2,400 ሰው ብቻ ስለሚይዝ ቲኬት ቶሎ ያልቃል። ከጨዋታው በኋላ የሃሌአካላን ተራራ ማየት ይገባል። ከፍታው 3,055 ሜትር፣ ማለትም ከእንጦጦ ጫፍ ጥቂት የሚያንስ ነው፤ ልዩነቱ መኪናው ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ እዚያ መድረሱ ነው። ቁምጣ ለብሰው የፀሐይ መውጣትን ሊያዩ የሄዱ እንግዶች በብርድ ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ከ2017 ጀምሮ ለፀሐይ መውጫው ሰዓት አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ሆኗል። ዓሣ ነባሪዎች ለማየት የሚመኝ ግን ቅር ይለዋል፤ በብዛት የሚመጡት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ በኅዳር ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሚደርሱት።

ለመምህር ከሁሉ የሚበልጥ ሌላ ቦታ አለ። ከላሃይና ከተማ በላይ በኮረብታው ላይ በ1831 የተመሠረተው የላሃይናሉና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። በ1834 በሃዋይ ቋንቋ የመጀመሪያው ጋዜጣ የታተመው በዚያ ትምህርት ቤት ማተሚያ ቤት ነው። ላሃይና ራሷ እስከ 1845 የሃዋይ ነገሥታት መናገሻ ነበረች።

ይህች ከተማ በነሐሴ 2023 በተነሣ ሰደድ እሳት ተቃጠለች። 102 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችም ጠፉ። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደመ፤ በኮረብታው ላይ ያለው ላሃይናሉና ግን ተረፈ፤ ተማሪዎቹም በጥቅምት ወር ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። የመጫወቻው አዳራሽ አልተቃጠለም፤ ለተጎጂዎች የርዳታ መስጫ ሆነ። የዚያ ዓመት ውድድር ወደ ሆኖሉሉ ተዛወረ፤ ወደ ላሃይና የተመለሰው በ2024 ነው።

እዚህ ላይ የጉዞው ጥያቄ ከገንዘብና ከሰዓት ያልፋል። ቤታቸው የተቃጠለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባሕሩ ዳርቻ ባሉት ሆቴሎች ተጠልለው ሳለ፣ መንግሥት በጥቅምት 2023 አካባቢውን ለእንግዶች ለመክፈት ወሰነ። ብዙ ነዋሪዎች «ገና ሐዘን ላይ ነን» ብለው ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ እንግዳ ካልመጣ የዕለት እንጀራችን ይቋረጣል አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ደጋፊ የነዋሪ መኖሪያ ከሚሆን ቤት ይልቅ በሆቴል ቢያድር፣ ከትልልቆቹ መደብሮች ይልቅ ከአካባቢው ሰው ቢገዛ፣ የተቃጠለውንም ሰፈር ለፎቶግራፍ ባይዞረው የተሻለ ነው እንላለን። እሳቱን በአካል ያዩትን ሰዎች ካልጀመሩት በስተቀር ስለዚያ ቀን አለመጠየቅም ጨዋነት ነው።

በከተማዋ አደባባይ በ1873 የተተከለ አንድ ትልቅ የዋርካ ዓይነት ዛፍ አለ። በእሳቱ ተለብልቦ የደረቀ መስሎ ነበር። ሠራተኞች ውሃና ብስባሽ አፈር እየመገቡ ተንከባከቡት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ቅጠል ማውጣት ጀመረ።